ቅጥሩ ሳያልቅ የተሰማ ጩኸት

የነህምያ መጽሐፍ በአብያተ ክርስቲያናችን በጣም ይወደዳል። በተለይ አዳራሽ ሊሠራ ሲታሰብ፣ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ተሰልቶ የቃል ኪዳን ካርድ ሲታደል፣ ነህምያ ሳይሰበክ አይቀርም። በምዕራፍ አንድ ያለቅሳል፣ ይጾማል፤ በምዕራፍ ሁለት ንጉሡን ይለምናል፣ ሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥር ይመለከታል፤ በምዕራፍ ሦስት የሠሩት ሰዎች ስም ይዘረዘራል፤ በምዕራፍ አራት ሰንባላጥና ጦብያ ያፌዛሉ። ከዚያ ስብከቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምዕራፍ ስድስት ይሻገራል፤ ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ፣ ሃሌ ሉያ። ምዕራፍ አምስት መሐል ላይ ይቀራል።

እኛ በረቡዕ የቤት ኅብረታችን በዚሁ በሚታለፈው ምዕራፍ ላይ ሁለት ወር ያህል ቆየን። ያቆመን ምክንያት ነበረን፤ እሱን ኋላ እናነሣዋለን። መጀመሪያ ግን ምዕራፉን እንይ።

በምዕራፍ አምስት የሚጮኸው ሕዝቡና ሚስቶቻቸው ናቸው፤ የሚጮኹትም በሰንባላጥ ላይ ሳይሆን በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ነው። አንዳንዶቹ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው፣ እህል የላቸውም። አንዳንዶቹ በራቡ ምክንያት እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን በመያዣ ሰጥተዋል። ሌሎቹ ለንጉሡ ግብር ተበድረው፣ ወንድና ሴት ልጆቻቸው ለባርነት እየሄዱባቸው ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ቀን ቀን ቅጥሩን የሚሠሩት እነርሱው ናቸው። ከአበዳሪያቸው ጎን ቆመው ድንጋይ ያነሣሉ፤ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ግን ያው ወንድም ልጃቸውን በዕዳ ይዞባቸዋል።

ነህምያ ጩኸቱን ሲሰማ እጅግ ተቈጣ፤ ከልቡም ጋር ተማከረ። ከዚያ ያደረገው ነገር በጣም ሥራ የሚመስል ነው። ታላላቆቹንና ሹማምንቱን ፊት ለፊት ወቀሳቸው። ትልቅ ጉባኤ ሰበሰበ። ምን ምን መመለስ እንዳለበት እየቈጠረ ነገራቸው፤ እርሻው፣ ወይኑ፣ ወይራው፣ ቤቱ፣ የወለዱም ድርሻ ሳይቀር። እነርሱም እንመልሳለን አሉ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን አሜን ብለን እንበተን ነበር፤ ነህምያ ግን ካህናቱን ጠርቶ በቃላቸው መሠረት እንዲያደርጉ አስማላቸው። እሱ ራሱም 12 ዓመት ሙሉ ለገዥ የሚገባውን ቀለብ አልበላም።

ዛሬ ይህን ሰዎች ማኅበረሰብን ማደራጀት ይሉታል። መደራጀት የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ጆሮ አይመችም። አንዳንዱ የደርግ ዘመን የቀበሌ ስብሰባ ትዝ ይለዋል፤ ለአንዳንዱ አምስት ሆኖ ተመዝግቦ ብድር መጠበቅ ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ፖለቲካ ፖለቲካ ይሸተዋል። በቤተ ክርስቲያን ቃሉ ሲነሣ ሰው ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ይስባል። በምዕራፍ አምስት ያየነው ነገር ግን ቀላል ነው፤ የተበደለ ሰው በደሉን ብቻውን እንዳይሸከም፣ ጩኸቱ በአንድ ቦታ እንዲሰማ፣ የተገባለትም ቃል እንዲያዝ ሰዎችን ማሰባሰብ።

ነህምያ ግን ገዥ ነበር። ሲጠራ ሹማምንቱ ይመጡለታል። ጠርተው የሚመጣላቸው የሌላቸው አማኞችስ ምን ያደርጋሉ? በዚህ ላይ ስንነጋገር ከመካከላችን ታሪክ የምታስተምር እኅታችን የሞንትጎመሪን ነገር አነሣች። የማርቲን ሉተር ኪንግን ስም የማያውቅ የለም፤ በ1963 ስለ ሕልሙ ያደረገውንም ንግግር ብዙዎቻችን ሰምተናል። እሷ የነገረችን ግን ከዚያ 8 ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ሆነው ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ በአላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ጥቁሮችና ነጮች አውቶቡስ ውስጥ ተለያይተው እንዲቀመጡ ሕጉ ያዝዝ ነበር። ፊተኛው ወንበር የነጮች ነው፤ ነጭ ተሳፋሪ ሲበዛ ጥቁሩ ተነሥቶ ይቆማል። ከተሳፋሪው ሦስት አራተኛ ያህሉ ግን ጥቁሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በነጮች ቤት ምግብ የሚያበስሉ፣ ልብስ የሚያጥቡና ልጅ የሚጠብቁ ሴቶች።

ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ሮዛ ፓርክስ ከወንበሯ አልነሣም ብላ ታሰረች። ታሪኩ ሲወራ ሥራ ያደከማት አንዲት ሴት ድንገት ያደረገችው ይመስላል። ሮዛ ፓርክስ ግን በከተማዋ የጥቁሮች መብት ማኅበር ውስጥ ለዓመታት በጸሐፊነት ያገለገለች፣ ከጥቂት ወራት በፊትም ስለዚሁ ጉዳይ ሥልጠና የወሰደች ሴት ነበረች። ከእሷ 9 ወር አስቀድማ ክላውዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ በዚያው ምክንያት ታስራለች። ጆ አን ሮቢንሰን የተባለች የኮሌጅ መምህርት ደግሞ በ1954 በሴቶች ማኅበሯ ስም ለከንቲባው ደብዳቤ ጽፋ፣ ነገሩ ካልተስተካከለ ሕዝቡ አውቶቡስ መሳፈር ሊያቆም እንደሚችል አስጠንቅቃ ነበር። ሮዛ በታሰረችበት ሌሊት ሮቢንሰን አልተኛችም። ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር በኮሌጁ የማባዣ ማሽን በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ወረቀት ስታባዛ አደረች፤ ሰኞ ማንም አውቶቡስ እንዳይሳፈር የሚል። አሁን አሁን ራእይ የሚለውን ቃል ስንሰማ ያቺ የ1954 ደብዳቤ ትታወሰናለች። ቀኑ ሲደርስ ሴቶቹ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ያውቁ ነበር።

ሰኞ ዲሴምበር 5 አውቶቡሶቹ ባዶአቸውን ዋሉ። ማታ በሆልት ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ አዳራሹን ሞልቶ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ለከተማዋ ገና አዲስ የነበረው የ26 ዓመቱ ፓስተር ኪንግ መሪ ሆኖ የተመረጠው ያን ቀን ነው። የጠየቁት ትንሽ ነበር፤ ሹፌሮቹ በአክብሮት ያነጋግሩን፣ ጥቁሮች ከኋላ ነጮች ከፊት ጀምረው እንደ አመጣጣቸው ይቀመጡ፣ ጥቁሮች በሚበዙበት መስመር ጥቁር ሹፌሮች ይቀጠሩ። መለያየቱ ጨርሶ ይቅር እንኳ አላሉም። ያቺኑም ተከለከሉ። የአንድ ቀን እርምጃ 381 ቀን የሆነው በዚህ ነው።

381 ቀን ሰው ያለ አውቶቡስ ሥራው እንዴት ይደርሳል? ታሪኩን ስንሰማ በጣም የያዘን ይህ ነው። መጀመሪያ ጥቁር የታክሲ ሹፌሮች በአውቶቡስ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም መጫን ጀመሩ። የከተማው ሹማምንት ከ45 ሳንቲም በታች ማስከፈል አይቻልም ብለው ከለከሉ። ኪንግ በሉዊዚያና ባተን ሩዥ በ1953 ተመሳሳይ ነገር ወደ መራው ወደ ፓስተር ጄሚሰን ደውሎ አሠራሩን ጠየቀ። ከዚያ ሰዎች የግል መኪናቸውን ይዘው መጡ፤ ወደ 300 መኪና ተሰበሰበ። የመጫኛና የማውረጃ ቦታዎች ተለዩ፤ ሰዓት ተመደበ፤ ለነዳጅ መዋጮ ተያዘ። በአብያተ ክርስቲያናት ስም ሰፋፊ መኪኖች ተገዙ፤ ሰዉም በጎማ የሚሄዱ ቤተ ክርስቲያኖች ይላቸው ጀመር። ኢንሹራንሳቸው በተደጋጋሚ ሲሰረዝባቸው ከለንደን ገዙ። መኪና ያልደረሰው በእግሩ ሄደ። ሰኞና ሐሙስ ማታ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ እየተዘዋወሩ ይሰበሰባሉ፤ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ከዚያ የመኪናው ስምሪት ይነበባል። ጸሎቱና ስምሪቱ በአንድ መርሐ ግብር ላይ ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ የጆርጂያ ጊልሞር ነገር በኅብረታችን ያሉትን ሴቶች አስደስቷል። ጊልሞር ምግብ አብሳይ ነበረች። ፍርድ ቤት ቀርባ አውቶቡስ ላይ የደረሰባትን ከመሰከረች በኋላ ከሥራዋ ተባረረች። ስለዚህ በገዛ ቤቷ ዶሮ ትጠብስ፣ ኬክ ትጋግር ጀመር። ሌሎች ሴቶችንም አስተባብራ ሳንድዊቹና ኬኩ በየቤቱና በየፀጉር ቤቱ ይሸጥ ነበር፤ ገንዘቡ ለነዳጅ ይውላል። ቡድናቸውን ከየትም ያልመጣ ክበብ አሉት። ይህ ገንዘብ ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ከየትም። ከሚገዙት መካከል ስማቸው ቢታወቅ ሥራቸውን የሚያጡ ነበሩበትና፤ ነጮችም ነበሩበት። የእኛ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው ምን ያህል ነገር ሳይናገር መሥራት እንደሚችል ያውቁታል።

ሮበርት ግሬትዝ የሚባል የሉተራን ፓስተርም ነበር፤ ነጭ ሆኖ የጥቁሮች ጉባኤ ያገለግል ነበር። በራሱ መኪና ሰዎችን ወደ ሥራ ያመላልሳል። ቤቱ በቦምብ ተመታ። የኪንግም ቤት በጃንዋሪ 1956 ሚስቱና ሕፃን ልጁ ውስጥ ሳሉ በቦምብ ተመቷል። ወደ 90 የሚጠጉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተከሰሱ፤ ብዙዎቹ ፓስተሮች ነበሩ።

አውቶቡስ ላይ መለያየት በፍርድ ቤት የተሻረው በአራት ሴቶች ክስ ነው፤ ከአራቱ አንዷ ያቺ የ15 ዓመቷ ክላውዴት ናት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 13 ቀን 1956 ውሳኔውን ሲያጸና ኪንግ ሌላ ችሎት ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ከተማው የመኪናውን ስምሪት ለማሳገድ የከሰሰበት ችሎት። ስምሪቱ ታገደ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ በጽሑፍ ሞንትጎመሪ እስኪደርስ ደግሞ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። በመጨረሻው ወር እንግዲህ፣ ድሉ ተነግሯቸው እንኳ፣ ስምሪቱ የለም፣ አውቶቡሱም ገና ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ጫነ፤ የቀረው በእግሩ ሄደ። ዲሴምበር 21 ማለዳ ተሳፈሩ።

ይህን ከሰማን በኋላ እነርሱ የነበራቸው እኛ ግን የሌለን ምንድን ነው ብለን አሰብን። ጆርጂያ ጊልሞርን የሚያህል ደፋር ሰው ማግኘት ቀላል ላይሆን ይችላል። ዕቃው ግን አለን። አዳራሽ አለን። ወጥ ቤት አለን፤ ኮንፈረንስ ሲሆን ስንትና ስንት መቶ ሰው ይመግባል። ስምሪትም እናውቃለን፤ ሠርግ ሲኖር ሚኒባሱ ከየት ተነሥቶ ማንን እንደሚጭን ለክቶ የሚመድብ ወንድም የሌለው ቤተ ክርስቲያን የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕድር አለ።

በአገራችን ዕድርን ያህል የተደራጀ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው በቊጥር ወጥቶ በቊጥር ይገባል። ማን ያድራል፣ ማን ንፍሮ ይቀቅላል፣ የቀረ ስንት ይቀጣል፤ ሁሉም ተጽፏል። የወንጌል አማኞች በአንዳንድ ስፍራ መቃብር እንኳ የተከለከሉበት ዘመን ነበርና ከዕድር ጋር ያለን ታሪክ ሁልጊዜ የሰላም አልነበረም። ዛሬ ግን በሰፈራችን በአንድ ዕድር ውስጥ ነን። የዕድሩ ዳኛ በእምነታቸው ኦርቶዶክስ የሆኑ አዛውንት ናቸው። በኤችአይቪ ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች አባላቸው እስኪሞት መጠበቅ ትተው የታመመውን ወደ መርዳትና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ወደ መደገፍ መግባታቸውን ያስታውሳሉ። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ጠየቁን፦ «ለሞተ እንደርሳለን። ለታመመም ደረስን። ላቧን ለተቀማች ሴት ጡሩምባ የማይነፋው ለምንድን ነው?»

የጠየቁን ስለ አሥራ አንድ ሴቶች ነበር። በምዕራፍ አምስት ላይ ያቆሙንም እነዚሁ ሴቶች ናቸው።

አሥራ አንዱ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፤ በአንድ ኤጀንሲ ተቀጥረው ትልቅ ሕንፃ ያጸዳሉ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ቤታቸውን ለቀው ይወጣሉ። የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈላቸውም። አራቱ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው፤ ከቀሩት አምስቱ ኦርቶዶክስ፣ ሁለቱ ሙስሊም። ነገሩ የታወቀው አንዷ እኅት በጸሎት ጊዜ ስለ ሥራዬ ጸልዩልኝ ማለት ስታበዛ፣ ሌላዋ እኅት ወደ ቤት ሲሄዱ በመንገድ ላይ በጨዋታ መሐል ሥራሽ ምን ሆነ ብላ ስትጠይቃት ነው።

ከሁሉ በፊት ቡና ተፈላ። አሥራ አንዱም መጡ፤ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡም ነበሩ። ተራ በተራ ሲናገሩ የገረመን ነገር፣ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ወለል የሚወለውሉ ሴቶች አንዷ የሌላዋን ጉዳይ በሚገባ አለማወቃቸው ነው። ለአንዷ የአንቺ ችግር የባንክ ነው ተብላለች። ለሌላዋ ስምሽ በስሕተት ተጽፎ ነው። ለሦስተኛዋ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ያንቺን ቶሎ እንጨርሳለን። ሁለቱ ደግሞ ገንዘቡ ሳይገባ ፔሮሉ ላይ ፈርመዋል። በነህምያ 5 ሕዝቡና ሚስቶቻቸው አብረው የጮኹበትን ምክንያት ያን ቀን ከሴቶቹ ተማርነው።

ሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ወንድማችን ሠንጠረዥ አወጣ፤ ስም፣ የተቀጠሩበት ቀን፣ ያልተከፈለ ወር፣ መጠን። ሕግ የሚያውቅ ሌላ ወንድም ደግሞ አንድ ነገር ነገረን፤ ይህን ሁላችሁም ብታውቁት ይጠቅማል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቊጥር 1156/2011 መሠረት ያልተከፈለ ደመወዝ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል። የመጀመሪያው ወር ደመወዝ አራት ወር አልፎት ነበር። በትዕግሥት መጠበቅ መልካም ነው፤ ለአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ግን ትዕግሥት የሁለት ወር ዕድሜ ብቻ ቀርቷት ነበር።

እርዳታ ወዲያው ተጀመረ፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ የአንዷም የቤት ኪራይ። በዚህ ላይ ግን ሞቅ ያለ ክርክር ነበረን። ከመካከላችን አንዳንዱ የሦስቱን ወር ደመወዝ አዋጥተን ከፍለን ነገሩ በሰላም ይለቅ አለ። ልቡ መልካም ነው። ነገር ግን የኤጀንሲውን ዕዳ ቤተ ክርስቲያን ከከፈለች፣ በአራተኛውም ወር ትከፍላለች፤ ሴቶቹም የገዛ ላባቸውን ዋጋ እንደ ምጽዋት ይቀበላሉ። ስለዚህ ዱቄቱ እስኪከፈላቸው ድረስ እንዲያቆማቸው ሆነ፤ ጥያቄው ግን ጥያቄ ሆኖ እንዲቀጥል ተስማማን። ያዕቆብ በምዕራፍ አምስት የተያዘ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ጽፏል። ያን ጩኸት በዱቄት ዝም ማሰኘት አይገባም።

አስቸጋሪው ነገር የኤጀንሲው ባለቤት የጌታ ሰው መሆናቸው ነው፤ በሌላ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልኩ፣ በስጦታም የሚታወቁ። በማቴዎስ 18 መሠረት መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌዎች በጸጥታ ሄደው አነጋገሯቸው። በክብር ተቀበሏቸው፤ ሻይ ተጠጣ፤ አብረው ጸለዩ። ያሉትም ውሸት አልነበረም፤ የሕንፃው ባለቤት ለእሳቸውም አልከፈላቸውም። ግን የአንድ ባለሀብት መዘግየት ሁለት ቢሮ አልፎ የሚያርፈው ከንጋቱ 11 ሰዓት በምትነሣዋ ሴት ልጅ ቁርስ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ተናግረው ተመለሱ። ባለቤቱም እንከፍላለን አሉ።

ለሁለተኛው ጊዜ ሴቶቹ ራሳቸው መሄድ አለብን አሉ፤ ትክክል ነበሩ። ስለ እነርሱ ከመናገር ሲናገሩ አጠገባቸው መቀመጥ ይሻላል። ሦስት ተወካይ መረጡ። ዋና ተናጋሪ ያደረጓት ከሙስሊሞቹ እኅቶች አንዷን ነው፤ በሒሳብ አትሸወድም፣ ድምፅዋም አይንቀጠቀጥም። ሠንጠረዡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ወር በወር አነበበች። ባለቤቱ ደግመው እንከፍላለን ሲሉ፣ አብረዋቸው የሄዱት የዕድሩ ዳኛ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ቀኑ ተጻፈ፤ መጠኑ ተጻፈ፤ ዳኛውና አንድ ሽማግሌ በምስክርነት ፈረሙ። ነህምያ ካህናቱን የጠራው ለዚህ ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን ሁሉም አልተደሰተም። አንድ የምናከብራቸው አባት ሥራችን ወንጌል ነው፣ ይህ ነገር ዛሬ በደመወዝ ተጀምሮ ነገ ወዴት ይሄዳል ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም፤ በአገራችን ስብሰባ ሁሉ በበጎ ዓይን አይታይም፤ በሰው ብሶት ተንጠላጥሎ ለመውጣት የሚፈልግም አይጠፋም። ስለዚህ በግልጽ ተስማምተናል፤ የፓርቲ ነገር አይነሣም፣ በስውር የሚደረግ ነገር የለም፣ የተሰበሰበው ገንዘብ በሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ለሴቶቹ ይነበባል። የሰፈሩ ሰዎች ሁሉ እንዲያውቁት እንጂ ከማንም እንዲደበቅ አንፈልግም።

ወንጌል ወይስ የሰው ችግር የሚለው ክርክርም እኛ የጀመርነው አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1972 ለሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ የሚረዷት የውጭ ድርጅቶች የወንጌልን ስብከትና የሰውን ልማት ነጣጥለው ማየታቸውን ተቃውማለች፤ ሰው አንድ ነው፣ አገልግሎቱም ሊከፈል አይገባም በሚል መንፈስ። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በጁላይ 1979 በአዲስ አበባ ሰብከው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እኛን ያስጨነቀን የአሥራ አንድ ሴቶች ደመወዝ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ትንሽ በመሆኑ ግን ልንተወው የሚያስችል ምክንያት በነህምያም በያዕቆብም አላገኘንም።

ሌላም ነገር አይተናል። ረቡዕ ረቡዕ ጸሎታችን ረዝሟል፤ በስም መጸለይ ጀምረናል፣ ለኤጀንሲው ባለቤትም ጭምር። ሴቶቹ ከእኛ ጋር መጸለይ የግድ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ተነግሯቸዋል፤ እምነት የእርዳታ ዋጋ እንዲሆን አንፈልግም። ሁለቱ ሙስሊም እኅቶች እኛ ስንጸልይ ልጆቹን ይይዛሉ። አንዷ ኦርቶዶክስ እናት ደግሞ ጨርሰን አሜን ስንል ከሁላችን በላይ ጮኽ ብላ ትላለች።

በተጻፈው ቀን ለዘጠኙ የሁለት ወር ደመወዝ ገባ። ፔሮሉ ላይ የፈረሙት ሁለቱ አሁንም ክርክር ላይ ናቸው፤ ፊርማቸው አለ፣ ገንዘቡ ግን በባንክ ደብተራቸው ላይ የለም። ከዘጠኙ አንዷ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሌላ ሕንፃ ተመድባለች፤ ሁለት ታክሲ ትይዛለች። ምክንያቱ አልተነገራትም። አንዷም ከዚህ በኋላ ስሜን አውጡልኝ ብላ ቀርታለች፤ ባሏ ፈርቷል። ዱቄቱ አልተቋረጠባትም፤ ቡናም ትጠራለች።

ሦስተኛው ወር ገና ነው። ይርጋው ሳያልፍ ክሱ በሥራ ክርክር ችሎት ገብቷል፤ ቀጠሮው ኅዳር 18 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ማንም ሴት ብቻዋን እንዳትሄድ ሁለት ሁለት ሰው ተመድቧል፤ መኪና የሚሰጥ ወንድም ተገኝቷል፤ የዕድሩ ዳኛም ለምስክርነት እመጣለሁ ብለዋል። እስከ ቀትር ልጆች የሚጠብቅ አንድ ሰው ይቀረናል።